ባንክ ከቀየርክ ጉርሻ እንሰጥሃለን ይላሉ፤ በእርግጥ ያዋጣል? (እንግሊዝ አገር ላላችሁ)

የሊድሱ

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ ያላችሁ እስቲ ምክር ለግሱኝ። ደሞዜ የሚገባበት ከረንት አካውንት ውስጥ 11,000 ፓውንድ አካባቢ ተጠራቅሟል። ባንኩ ሰባራ ሳንቲም ወለድ አይከፍለኝም። ሌላ ባንክ ደግሞ አካውንትህን ወደ እኛ ካዞርክ 175 ፓውንድ እንሰጥሃለን እያለ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቀይሬ አገኘሁ ይላል። ሌላው የቤት ኪራይህ ሳይከፈል ቀርቶ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ ብሎ አስፈራራኝ። የትኛውን ልስማ?

በዚያ ላይ ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት። በዚህ ዓመት የቪዛ ማመልከቻዋን ላስገባ አስቤያለሁ። የባንክ መቀየሩ ነገር ከዚያ ጋር ይጋጭ ይሆን?

ሂሳብ ክፍል

ወንድሜ፣ ሁለት ጥያቄ ነው ያጣመርከው። መጀመሪያ ትልቁን እንያዝ።

175 ፓውንዱ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። 11,000ው ግን ዓመቱን ሙሉ ተኝቷል። በፈለግህ ሰዓት የምታወጣበት፣ 4 በመቶ የሚከፍል የቁጠባ አካውንት ብታገኝ በዓመት 440 ፓውንድ ነው። ለዚህ ደግሞ ባንክ መቀየር አያስፈልግህም። ከረንት አካውንትህን ባለበት ትተህ ቁጠባውን ሌላ ቦታ በስልክህ ትከፍታለህ። ወገኖቻችን ማስታወቂያውን እያዩ ይጓጓሉ፣ ዋናው ገንዘባቸው ግን ያለ ወለድ ይከርማል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ልብ በል። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መነሻ ወለዱን ኦገስት 2023 ላይ 5.25 በመቶ አድርሶት ነበር። ከኦገስት 2024 ጀምሮ እየቀነሰ ዲሴምበር 2025 ላይ 3.75 ገባ። የቁጠባ ወለድም አብሮ ይወርዳል። በተለይ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሳዩህ አካውንቶች አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የአንድ ዓመት ጭማሪ አለበት። ዓመቱ ሲያልቅ ጭማሪው ይነሳና ወለዱ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። የምትከፍትበትን ቀን ስልክህ ላይ መዝግብ። በ11ኛው ወር አስታውሰኝ በለው።

ኪራይ ይቀራል የሚለው ስጋት የድሮ ነው። ከሴፕቴምበር 2013 ጀምሮ ባንኮቹ በጋራ የሚሠሩበት የማዛወሪያ አገልግሎት አለ። 7 የሥራ ቀን ይፈጃል። ዳይሬክት ዴቢቱን (ድርጅቶች ከአካውንትህ የሚስቡትን)፣ ስታንዲንግ ኦርደሩን (አንተ በየጊዜው እንዲላክ ያዘዝከውን)፣ ቀሪ ሂሳቡን ሁሉ አዲሱ ባንክ ያዞረዋል። አሮጌው ይዘጋል። ወደ አሮጌው ቁጥር የተላከ ደሞዝም ተከትሎህ ይመጣል። በማዛወሩ ስህተት ቅጣት ቢመጣብህ ባንኩ ይመልስልሃል። የማይዞረው በካርድህ ቁጥር በየወሩ የሚቆረጠው ነው። ጂም፣ ኔትፍሊክስ፣ እንዲህ ያለውን ራስህ ትቀይራለህ።

ቶተንሃም

ሂሳብ ክፍል ያለው ልክ ነው፤ ግን ጉርሻውን እንዲህ አናናቁት። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ነበር። በዚያ ሂሳብ 175 ፓውንድ ማለት ከ14 ሰዓት በላይ ቆሞ መሥራት ነው፤ ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። የመቀየሪያ ጉርሻ ደግሞ ለግለሰብ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ አይነካውም። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ፎርም ሞልቼ የማገኘው ከሆነ እኔ አልተውም።

የሚያስቸግረው ቅድመ ሁኔታው ነው። ሙሉ ዝውውር መሆን አለበት፣ አሮጌው አካውንት ተዘግቶ ማለት ነው። ብዙዎቹ ቢያንስ 2 ዳይሬክት ዴቢት አብሮ እንዲዞር ይፈልጋሉ። በተወሰነ ቀን ውስጥ የሆነ ያህል ገንዘብ እንዲገባ ይጠይቃሉ፤ 1,500 ፓውንድ የሚሉ አሉ። ከዚህ ቀደም የእነሱን ጉርሻ የወሰደ ሰውም አይቀበሉም።

እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርህ። ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም ሁለት ወርሃዊ ክፍያ አለኝ ብሎ ተማምኖ ቀየረ። አንዱ የስልኩ ነው። ሌላው ለቤተ ክርስቲያኑ የሚከፍለው የአባልነት መዋጮ ነው። ባንኩ ጉርሻውን ከለከለው። መዋጮው ስታንዲንግ ኦርደር ነበራ! ስታንዲንግ ኦርደር አንተ ራስህ ልከህ የምታዘው ነው። ዳይሬክት ዴቢት ተቀባዩ ድርጅት ከአንተ የሚስበው ነው። የሚቆጠረው ሁለተኛው ብቻ ነው። የባንክህ አፕ ለየብቻ ስለሚያሳይህ ከመቀየርህ በፊት ገብተህ እይ።

የሊድሱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካውንስል ታክስና ስልክ በዳይሬክት ዴቢት ነው የምከፍለው። እሱ አያሰጋኝም። የቪዛው ጉዳይ ነው ልቤን የያዘው።

ሌሊት ሺፍት

የቪዛውን እኔ ልንገርህ ወንድምዓለም። ባለቤቴን ያመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ወዲህ ለሚያመለክት ሰው የሚጠየቀው ዓመታዊ ገቢ 29,000 ፓውንድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ቢያንስ 6 ወር የሠራህ ከሆነ የ6 ወር የደሞዝ ወረቀት ታስገባለህ። ከእሱ ጋር ደሞዙ መግባቱን የሚያሳይ የእነዚያኑ ወራት የባንክ ስቴትመንት ይፈልጋሉ። መሐል ላይ ባንክ ብትቀይር ክልክል አይደለም። ግን ስቴትመንትህ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አሮጌው አካውንት ሲዘጋ ደግሞ አፑ ውስጥ መግባት ትከለከላለህ። ከዚያ በስልክ፣ በፖስታ ለምኖ ማስመጣት ነው። ስለዚህ ወይ ማመልከቻህን አስገባና ከዚያ ቀይር፣ ወይ ከመቀየርህ በፊት የዓመቱን ስቴትመንት በሙሉ አውርደህ አስቀምጥ።

ገቢያችሁ 29,000 የማይሞላና ጉድለቱን በቁጠባ የምትሸፍኑ ደግሞ ይህን ስሙ። ከ16,000 በላይ ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ ያውም ለ2.5 ተካፍሎ። ገንዘቡ 6 ወር በእጃችሁ የቆየ መሆን አለበት። ወዲያው ልታወጡት የምትችሉትም መሆን አለበት። ቅጣት ቢኖረውም ችግር የለም፣ መውጣት መቻሉ ነው ቁም ነገሩ። ወለዱ ስለበለጠ ብላችሁ ዓመት ሙሉ ጨርሶ የማይነካ ፊክስድ ውስጥ ከከተታችሁት ለቪዛው አይረዳችሁም። የ0.2 በመቶ ልዩነት ፍለጋ ትዳር አይጉላላ።

ቶተንሃም

@የሊድሱ ሌላም መላ አለ። የደሞዝ አካውንትህን አትንካው። ሌላ ባንክ ሁለተኛ ከረንት አካውንት ክፈት። ስልክህንና አንድ ሌላ ክፍያ ወደዚያ አዙር። አንድ ጊዜ ተቆርጦ ካለፈ በኋላ ያንን ሁለተኛውን አካውንት ጉርሻ ወደሚሰጠው ባንክ ቀይረው። ገንዘብ አስገባ የሚለውን ከደሞዝ አካውንትህ ልከህ ታሟላለህ። የደሞዝ ስቴትመንትህ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ሕገወጥነት የለውም።

ከረንት አካውንት በከፈትክ ቁጥር ግን የብድር ታሪክህን ያያሉ፣ ምልክቱም ይቀራል። በቅርቡ ለቤት ሞርጌጅ የምታመለክት ከሆነ ጉርሻውን እርሳው። 175 ፓውንድ አግኝተህ በሞርጌጁ ወለድ ላይ ሺዎች እንዳትከፍል።

እትዬ በርሚንግሃም

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ባንክ ባንክ ትላላችሁ። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት፣ የቤቱንም ቅድሚያ ክፍያ የከፈልሁት በእቁብ ነው። ባንክ ሄጄ ማን ዞር ብሎ ሊያየኝ! ዛሬም እጥላለሁ። ወለድ የለውም፣ እውነት ነው። ግን ሰው ፊት ስለሆነ ትጥላለህ። ባንክ ውስጥ ያለውን አንድ ቀን ከፍቶህ ታወጣዋለህ።

ሂሳብ ክፍል

እትዬ፣ ያሉት እውነት ነው። እቁብ የሚያስተምረውን ጽናት የትኛውም አፕ አይሰጥም። እጣው ቀድሞ ለወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ነው ያለ ወለድ ሲያጠራቅም የሚከርመው። ሁለቱን አጋቡት ነው የምለው። እጣው በወጣ ቀን ገንዘቡ ከረንት አካውንት ውስጥ አይደር፣ በዚያኑ ቀን ወለድ ወዳለው ይሂድ።

ሰብሳቢ ለሆናችሁ ግን አደራ። የእቁቡን ገንዘብ በግል አካውንታችሁ አታሳድሩ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን ድጎማ) የምትወስዱ ከሆነ በስማችሁ የተቀመጠ ሁሉ እንደ ራሳችሁ ሀብት ነው የሚታየው። ከ6,000 ፓውንድ ሲያልፍ በየ250ው በወር 4.35 ይቀንሱባችኋል። 16,000 ሲያልፍ ጭራሽ ያቋርጡታል። የሰው አደራ ይዛችሁ የልጆቻችሁ ድጎማ ቢቆም፣ የእቁቡ ነው ብላችሁ ለማስረዳት ብዙ ትንከራተታላችሁ።

የፔካም እናት

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከተነሳ ልጠይቅ። ጽዳት ነው የምሠራው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከወር ወር ቢበዛ 40 ፓውንድ ቢተርፈኝ ነው። እናንተ ስለ 11,000 ታወራላችሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን ነገር አለ?

ሂሳብ ክፍል

እህቴ፣ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጥ ወለድ ያለው ለአንቺ ነው። በእውነት ነው የምልሽ።

ሄልፕ ቱ ሴቭ ይባላል። የመንግሥት ነው። በወር ከ1 እስከ 50 ፓውንድ ታስቀምጫለሽ። በ2 ዓመቱ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አካውንቱ ከደረሰበት ከፍተኛ መጠን ላይ 50 በመቶ ይጨመርልሻል። ቀጥሎ ባሉት 2 ዓመታትም ከዚያ በላይ ባስቀመጥሽው ላይ እንደዚያው። በ40 ፓውንድ እናስላው። በ2 ዓመት 960 ታጠራቅሚያለሽ፣ 480 ይጨመርልሻል። በየወሩ ሙሉ 50 የሚያስቀምጥ ሰው በ4 ዓመት 2,400 አስቀምጦ 1,200 ፓውንድ ያገኛል። በየትኛው ባንክ ትዞሪያለሽ እንዲህ ያለ ነገር?

ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በሩ ሰፍቷል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚወስድና ባለፈው የሂሳብ ወር ከሥራው 1 ፓውንድም ቢሆን ያገኘ ሰው መክፈት ይችላል። በታክስ መሥሪያ ቤቱ አፕ ወይም በመንግሥት ድረ ገጹ ነው የሚከፈተው። አንድ ወር ቢያቅትሽ ችግር የለውም። ብታወጪም ቅጣት የለውም፣ ጭማሪው ያንስብሻል እንጂ። ዛሬ ማታ ክፈቺው።

የፔካም እናት

ይሄን እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም። እግዜር ያክብርልኝ። ለሥራ ባልደረቦቼም ልነግራቸው ነው።

አቡ ረያን

አሰላሙ ዓለይኩም። ወለድ ለማንወስድ ሰዎችስ? እስካሁን የተጻፈው በሙሉ ወለድ ነው።

ዌስት ለንደን

ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። እዚህ አገር አል ረያንና ጌትሃውስ የሚባሉ በሸሪዓ የሚሠሩ ባንኮች አሉ። ወለድ ሳይሆን የሚጠበቅ ትርፍ ብለው ነው የሚያቀርቡት። ገንዘቡን ለንግድ ያውሉታል፣ ትርፉን ይካፈሉሃል። የተቀማጭ ዋስትናው እንደሌሎቹ ባንኮች ይሸፍናቸዋል። የአንድ ዓመትና የሁለት ዓመት ትርፋቸው ከትልልቆቹ ባንኮች ጋር ተወዳዳሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሙስሊም ላልሆነም ክፍት ነው። የመቀየሪያ ጉርሻውን በተመለከተ ዑለማ ጠይቅ፣ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። ፕሪሚየም ቦንድ የሚባለውም ወለድ የለውም እያሉ ይነግሩሃል። ግን በወለዱ ፈንታ በዕጣ ሽልማት የሚሰጥ ስለሆነ እሱንም አስጠይቅ።

ከቦሌ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ለምን ወደ አገር ቤት አትልኩትም? እዚህ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በጊዜ ገደብ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ተደራድራችሁ ከዚያ በላይ ታገኛላችሁ። እናንተ ለ4 በመቶ ትንጫጫላችሁ።

ቶተንሃም

ወንድም ጋሼ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይነገርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከዚያ በፊት ፓውንዱን ወደ ብር መንዝሮ በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው፣ መልሶ ሲመነዝረው ያገኘውን እሱ ያውቃል። እዚያ ለምትኖሩና በብር ለምታወጡ ሌላ ነገር ነው። ፓውንድ እያገኘ ፓውንድ የሚያወጣ ሰው ግን ለወለድ ብሎ ብር አይይዝም። ቤተሰብ ለመርዳት፣ ቤት ለመሥራት ከሆነ ይላካል፣ እሱ አያከራክርም።

ከቦሌ

በዚያ በኩል ከመጣህ ትክክል ነህ። የተቀማጭ መድኑም እዚህ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ነው።

ሂሳብ ክፍል

እዚህ ደግሞ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ 120,000 ፓውንድ ሆኗል። ቀድሞ 85,000 ነበር። አንድ ባንክ የሚለውን ግን ተጠንቀቁ። በፈቃዱ ነው እንጂ በስሙ አይደለም። ፈርስት ዳይሬክትና ኤችኤስቢሲ አንድ ፈቃድ ነው ያላቸው። ሃሊፋክስና ባንክ ኦፍ ስኮትላንድም እንደዚሁ። በቴሌግራም ሰው ልኮላችሁ 12 በመቶ ዋስትና ያለው ቁጠባ የሚላችሁ ካለ ከፋይናንስ ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ስሙን ፈልጉ። ከሌለ አንድ ሳንቲም አትስጡ።

የሊድሱ

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። 7 በመቶ የሚከፍል የወርሃዊ ቁጠባ አየሁ። ለምን 11,000ውን እዚያ አላስገባም?

ሂሳብ ክፍል

ስለማይቀበልህ። እንዲህ ያለው በየወሩ በጥቂቱ ለሚያስገባ ነው። ፈርስት ዳይሬክት ለደንበኞቹ ለዓመታት ሲሰጥ የቆየውን እንውሰድ። 7 በመቶ፣ በወር እስከ 300፣ ለ12 ወር። በዓመቱ 3,600 ታስገባለህ። ሰው 7 በመቶውን በ3,600 አባዝቶ 252 ይጠብቃል። የሚያገኘው 136.50 አካባቢ ነው። አላጭበረበሩህም። የመጀመሪያው 300 ነው 12 ወር የሚቆየው። የመጨረሻው የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጥሩ ነው። 11,000ውን 4 በመቶ ላይ አስቀምጠህ በየወሩ ከዚያ 300 እየመዘዝክ ወደ 7ቱ ላክ። ሁሉም ገንዘብ በሥራ ላይ ይሆናል።

ታክሱም አያሳስብህ። በመነሻው 20 በመቶ የምትከፍል ከሆነ በዓመት 1,000 ፓውንድ ወለድ ነፃ ነው። 40 በመቶ ከፋይ ከሆንክ 500። ቁጠባህ ሲያድግ አይሳ የሚባለውን የቁጠባ አካውንት ክፈት። በአንድ የታክስ ዓመት እስከ 20,000 ታስገባለህ፣ ወለዱን ታክስ አይነካውም። ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ከ65 ዓመት በታች ላለ ሰው የጥሬ ገንዘብ አይሳው ወደ 12,000 ይወርዳል። አይሳ ከባንክ ባንክ ስታዞር ገንዘቡን አውጥተህ አትውሰድ፣ ካወጣኸው ከታክስ ነፃ መሆኑን ያጣል። በማዛወሪያ ፎርም ነው የሚሄደው።

ሌሊት ሺፍት

ሚስትህ ስትመጣ ቤት ትገዛላችሁና ላይፍታይም አይሳንም እወቅ። 40 ዓመት ሳይሞላህ ነው የሚከፈተው። በዓመት እስከ 4,000 ብታስገባ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል፣ ይህም 1,000 ፓውንድ ነው። ለመጀመሪያ ቤት ነው፣ ዋጋው ከ450,000 የማይበልጥ። ለንደን ላይ ይከብዳል፣ ሊድስ ላይ ግን ይበቃሃል።

እኛ ሰዎች ላይ የሚመጣው ይኸውልህ። የመጀመሪያ ቤት ሲሉ በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሮህ የማያውቅ ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ በስምህ ኮንዶሚኒየም ካለ፣ ወይም ከወላጅ ውርስ የቤት ድርሻ ከደረሰህ፣ አይሆንልህም። ያለ ደንቡ ካወጣኸው ደግሞ 25 በመቶ ይቀጡሃል። 1,000 አስገብተህ 250 ተጨምሮ 1,250 ይሆናል። ከዚያ ላይ 312.50 ሲቆረጥ 937.50 ይተርፍሃል። ከራስህም 62.50 ወሰዱ ማለት ነው።

የሊድሱ

በስሜ ምንም የለም። ዕድሜዬም 34 ነው። እንግዲህ ቁጠባውን ዛሬ እከፍታለሁ። የደሞዝ አካውንቴን ቪዛው እስኪያልቅ አልነካም። ቶተንሃም ያልከውን የሁለተኛ አካውንት ነገር ግን ልሞክረው ነው። ባለቤቴ ስትመጣ የጋራ አካውንት ብንከፍት ጉርሻውን ሁለታችንም እናገኛለን?

ቶተንሃም

ለጋራ አካውንት ባብዛኛው አንድ ጉርሻ ነው የሚከፍሉት። እሷ በስሟ የራሷን ከፍታ፣ ሁለት ዳይሬክት ዴቢት ይዛ ብትቀይር የራሷን ታገኛለች። ለዚያ ግን መጀመሪያ እዚህ አገር አድራሻና የተወሰነ ታሪክ ያስፈልጋታል። ስትደርስ የኤሌክትሪኩን ወይም የውኃውን ሂሳብ በእሷም ስም አድርገው። አካውንት ለመክፈት የአድራሻ ማስረጃ ሲጠይቋት የምታሳየው እሱን ነው።